ጸጥታ ገዢዎች

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በደቡብ ኢጣልያ፣ ከባሕሩ ከፍ ብሎ በኮረብታ ላይ በተሠራ ትንሽ መንደር ውስጥ መኖር ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ሥራው በኮምፒዩተር የሚሠራ ስለ ሆነ፣ አሠሪዎቹ በሰሜን አውሮፓ ተቀምጠው እሱ ደስ ባለው ስፍራ ሆኖ ይሠራላቸዋል፤ ደመወዙ የሰሜን፣ ወጪው ግን የደቡብ ነው። በቅርቡ በጻፈልኝ ደብዳቤ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ወይራው፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ቤት ኪራዩ ርካሽነት ሁለት ገጽ ያህል ካተተ በኋላ እንዲህ ሲል ደመደመ፦ «ጋሼ፣ ከሁሉም የሚበልጠው ጸጥታው ነው። እዚህ አንድም የሚያስቸግረኝ ሰው የለም።»

ይህችን የመጨረሻ ቃል ደጋግሜ አነበብኋት። ልጁ ጨዋ ልጅ ነው፤ በክፍል ውስጥም ሳለ የሌላውን ደብተር ሲያይ ተይዞ አያውቅም። ስሙን አልጠራም። ነገር ግን መልሴን ለእሱ ብቻ ጽፌ ዝም እንዳልል፣ ይህን የሚያስበው እሱ ብቻ አይደለም። እናንተም ወጣቶች ሥዕሉን አይታችሁታል፤ ነጭ ግድግዳ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ በበረንዳ ላይ አንድ ሲኒ ቡና፣ ሰው የማይታይበት መንገድ። ብዙዎቻችሁም እዚያ ብሆን ብላችሁ ተመኝታችኋል። እኔን የሚያስቈጣኝ ይኸው ሰው የማይታይበት መሆኑ እንደ ጌጥ መቈጠሩ ነው። ሽማግሌው ቀንቶ ነው እንዳትሉኝ፣ እኔም ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በዚያው በካላብሪያ፣ በዮንያ ባሕር በኩል፣ ልጄ ዘንድ ስምንት ወር ተቀምጫለሁ። ልጄ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ናት። ስለዚህ የምከራከረው ከሩቅ ሆኜ አይደለም።

እንግዲህ አስቀድመን ይህ ጸጥታ ከወዴት እንደ መጣ እንጠይቅ። እነዚያ መንደሮች ሲሠሩ ጸጥተኞች አልነበሩም። ቤቶቹ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው፣ መንገዱ ለአንድ አህያና ለአንድ ሰው ብቻ ተለክቶ የተሠራው፣ ብዙ ሕዝብ በጥቂት ቦታ ይኖር ስለ ነበረ ነው። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ሄደ። ከ1876 እስከ 1976 ባለው መቶ ዓመት ውስጥ ከኢጣልያ የወጣው ሰው ከ25 ሚሊዮን ይበልጣል (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። አንዱ ወደ ኒው ዮርክ፣ አንዱ ወደ ቦነስ አይረስ ሄደ፤ ከጦርነቱም በኋላ ወደ ጀርመን ፋብሪካና ወደ ቤልጅግ የድንጋይ ከሰል ጕድጓድ ወረደ። በ1946 የኢጣልያ መንግሥት ከቤልጅግ ጋር በተዋዋለው ውል፣ ሠራተኞች ወደ ሰሜን ሲሄዱ ከሰል ወደ ደቡብ እንዲመጣ ተስማምቶ ነበር። በ1956 በማርሲኔል የከሰል ጕድጓድ እሳት ተነሥቶ 262 ሰዎች ሲሞቱ፣ 136ቱ ኢጣልያኖች ነበሩ። ዛሬ በረንዳ ላይ ቡናውን የሚጠጣ ሰው የሚያጣጥመው ጸጥታ እንግዲህ ይህን ያህል ዋጋ የተከፈለበት ነው፤ የከፈለው ግን እሱ አይደለም።

ልጄ ከምትኖርበት ቤት አጠገብ አንዲት ጠባብ መተላለፊያ አለች። በእሷ ላይ ካሉት ዐሥራ አንድ በሮች የሚከፈቱት አራቱ ብቻ ነበሩ። በቡና ቤቱ የተዋወቅሁት አንድ ሽማግሌ የተዘጉትን በሮች የሚጠራቸው በባለቤቶቻቸው ስም ሳይሆን በከተማ ነበር፦ ይህ ቶሮንቶ ነው፣ ያ ሚላኖ ነው፣ ያኛው ደግሞ ሜልቦርን። በነሐሴ ለፍልሰታ በዓላቸው አንዳንዶቹ ለሁለት ሳምንት ይከፈታሉ፤ ሕፃናት ይጮኻሉ፣ ወጥ ይሸታል፤ ከዚያ ተመልሰው ይዘጋሉ። ጸጥታውን የሚወዱ እንግዶች በነዚያ ሁለት ሳምንታት መንደሩ እንደ ተበላሸ ሲያወሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የቤቱ ልጆች ወደ ቤታቸው ሲመጡ እንግዳው ተረበሽሁ ይላል ማለት ነው! ይህን ነውር የሚል ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ጸጥታውም መሸጫ ዋጋ ወጥቶለታል። በ2008 የሲሲልያዋ የሳሌሚ ከንቲባ ባዶ ቤቶችን በአንድ ዩሮ መስጠት የሚለውን አሳብ አነሣ፤ በ2019 ደግሞ ሳምቡካ የምትባል ሌላ የሲሲልያ ከተማ ዐሥራ ስድስት ቤቶችን በዚሁ መነሻ ዋጋ ስታቀርብ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ገዢው በሦስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ 15 ሺሕ ዩሮ አውጥቶ ሊያድስ፣ ለዚህም 5 ሺሕ ዩሮ መያዣ ሊያስቀምጥ ይገደድ ነበር። በዚያው ዓመት መንግሥት ጡረታቸውን ከውጭ አገር የሚቀበሉ ሰዎች በደቡብ ኢጣልያ፣ ከ20 ሺሕ ሰው በማይበልጥባቸው ከተሞችና መንደሮች ቢሰፍሩ፣ ከውጭ ከሚያገኙት ገቢ ሰባት በመቶ ብቻ ግብር እንዲከፍሉ ፈቀደ። አገሩ እየሞተ ስለ ሆነ ሰው መለመኑ አይፈረድበትም። እኔ ግን ስለነዚህ ውሎች ባነበብሁ ቍጥር የምፈልገውን ቃል አላገኘሁትም። ጣራ አለ፤ ግድግዳ አለ፤ ገንዘብ አለ። ጎረቤት የሚል ግን የለም።

«ታዲያ ቤቱ ቢፈርስ ይሻላል?» ትሉኛላችሁ። አይሻልም። በጣራቸው ላይ የበለስ ዛፍ የበቀለባቸውን ቤቶች አይቻለሁ፤ ሥሩ ግድግዳውን ሰንጥቆ እስከ ምድጃው ወርዷል። እንዲህ ያለውን ቤት ያዳነ ሰው ይመስገን፤ ግንበኛውም፣ አናጢውም፣ ዳቦ ጋጋሪዋም ጥቂት ሳንቲም ያገኛሉ። ነገር ግን ቤት ማዳንና መንደር ማዳን አንድ አይደለም። በዓመት ሁለት ወር መጥቶ የሚከፍተው፣ ዐሥሩን ወር የሚቈልፈው ቤት፣ ከቶሮንቶው በር በምን ይለያል? ለዚያኛውስ ቢያንስ የሚያለቅስለት ባለቤት አለው።

ቃሉንም ተመልከቱ። እንዲህ ያለውን ነዋሪ ኤክስፓት ይሉታል። በትክክል ሲተረጐም ከአገሩ ወጥቶ የሚኖር ሰው ማለት ነው፤ ይህም ስደተኛ ከሚባለው ሰው ጋር አንድ ትርጕም ነው። በሥራ ላይ ሲውል ግን ሁለቱ ቃላት እንደ ሰማይና እንደ ምድር ይራራቃሉ። በጥቅምት ወር 2013 በላምፔዱዛ አጠገብ በሰጠመችው ጀልባ 368 ሰዎች ሲሞቱ፣ አብዛኞቹ የኤርትራ ልጆች ነበሩ። በየካቲት 2023 ደግሞ በዚያው በካላብሪያ ዳርቻ፣ በኩትሮ አጠገብ፣ ሌላ ጀልባ ከመሬት ጥቂት ርቀት ላይ ተሰባብራ ቢያንስ 94 ሰዎች አልቀዋል። እነዚያ ሁሉ ወደዚያው ፀሐይና ወደዚያው ባሕር ዳር ይመጡ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ኤክስፓት ብሎ የጠራቸው ግን የለም። በሌላው የካላብሪያ ዳርቻ በሮዛርኖ፣ አፍሪካውያን ወጣቶች በተጣለ ፋብሪካና በላስቲክ ጎጆ እያደሩ ብርቱካን ሲለቅሙ የቀን ዋጋቸው 25 ዩሮ ያህል ነበር፤ በጥር 2010 ተተኵሶባቸው ሁከት በተነሣ ጊዜ ከከተማው በአውቶቡስ ተጭነው ተወሰዱ። የተማሪዬ የጠዋት ብርቱካን ከወዴት እንደሚመጣ አላውቅም፤ እሱም ጠይቆ እንደማያውቅ እገምታለሁ። እሱን ከነዚያ ልጆች የሚለየው ትምህርቱ ወይም ጠባዩ አይደለም፤ በኪሱ ያለው ፓስፖርት ነው። ሁለቱም ከአንድ ወንበር ተነሥተው የሄዱ ሊሆኑ ይችላሉና!

በዚያው አገር ግን ሌላም ነገር ተደርጓል። ሪያቼ የምትባለዋን መንደር የሚያውቃት ሰው፣ በ1972 ከባሕሯ በወጡት በሁለቱ ጥንታውያን የነሐስ ሐውልቶች ያውቃት ነበር። በ1998 ሁለት መቶ ያህል ኩርዶችን የጫነች መርከብ በባሕር ዳርቻዋ ደረሰች። ዶሜኒኮ ሉካኖ የሚባል አንድ መምህር (መምህር መሆኑን ስሰማ ደስ እንዳለኝ አልሸሽግም) ወደ አሜሪካና ወደ ሰሜን የሄዱትን ሰዎች ባዶ ቤቶች ለነዚህ እንግዶች እንከፍት አለ። በ2004 ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ። የሽመና፣ የሸክላና የመስታወት ሥራ ቤቶች ተከፈቱ፤ በጠባቡ መንገድ ቆሻሻ የሚሰበስቡ አህዮች ተገዙ፤ የመንግሥት ገንዘብ ሲዘገይ በሱቅ የሚያገለግል የመንደር ወረቀት ገንዘብ፣ የጋንዲና የማርቲን ሉተር ኪንግ ሥዕል ያለበት፣ ታተመ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡም በዚያ ነበሩ። ሊዘጋ የነበረው ትምህርት ቤት በእንግዶቹ ልጆች ተማሪ አገኘ።

ሁሉም መልካም ሆኖ አበቃ ብዬ አላታልላችሁም። በ2018 ከንቲባው ታሰረ፤ ገንዘቡም ተቋረጠና ብዙዎቹ ስደተኞች መንደሩን ለቀው ሄዱ። በ2021 ፍርድ ቤት 13 ዓመት ከሁለት ወር ፈረደበት፤ በ2023 የይግባኙ ፍርድ ቤት አብዛኛውን ክስ ጥሎ ቅጣቱን በገደብ ወደ 18 ወር አወረደው፤ በ2024 ሕዝቡ ለአውሮፓ ፓርላማና እንደ ገና ለከንቲባነት መረጠው። ሒሳቡን አበላሽቶ እንደ ሆነ ዳኞች ይመርምሩ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ባዶ እጃቸውን የመጡት ሰዎች ልጆቻቸውን ወደ መንደሩ ትምህርት ቤት ሰደዱ፣ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ሸመኑ፣ ከመንደሩ ሱቅ ዱቤ ወሰዱ፤ ተጣሉም፣ ታረቁም። ሞልቶላቸው የሚመጡት ደግሞ በሩን ዘግተው ጸጥታውን አደነቁ። መንደሩን ማን ኖረበት?

«ባዳ መቼም ባዳ ነው፤ ለአገሩ እንግዳ ለሰው ባዳ የሆነ ሰው ምን ያድርግ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይህን ምክንያት ልጅ ሳለሁ የሻረችልኝ ሴት አለች። በወለጋ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት አጠገብ ክሊኒክ ነበር፤ በክሊኒኩም አንዲት የውጭ አገር ነርስ ትሠራ ነበር። ከሌሎቹ የውጭ ሰዎች አንዳንዶቹ በአጥራቸው ውስጥ የራሳቸውን አበባ እየኰተኰቱ፣ ከዘበኛቸው በቀር የማንንም ስም ሳያውቁ ዘመናቸውን ጨርሰው ሄደዋል፤ እነሱም በጎ ሰዎች ነበሩ። እሷ ግን ኦሮምኛ ተማረች፤ ደግሞም እንደ መጽሐፍ ሳይሆን እንደ ገበያ ሴቶች ነበር የምትናገረው። አያቴ በሞቱ ጊዜ በጭቃ ሁለት ሰዓት ተጕዛ መጣች፤ ወንበር ሲቀርብላት እምቢ ብላ ከሴቶቹ ጋር በሣር ላይ ተቀመጠች። እናቴ ስለ መድኀኒቷ ሲያወሩ ዝም ትል ነበር፤ ስለዚያ ቀን ግን እስክትሞት አውርታለች። ሌሊት በሯ ሲንኳኳ አስቸገራችሁኝ ስትል የሰማት ሰው የለም፤ እንቅልፍ አጥታም ፊቷ ሲጠቍር ሁላችን አይተናል።

መቼም የሚያስቸግር ሰው ማለት ምን ማለት ነው? በካላብሪያ በመጀመሪያው ሳምንት ያ የቡና ቤቱ ሽማግሌ «አገርህ ወዴት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ኢትዮጵያ አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። በእነሱ ቋንቋ ፓኤዜ የሚለው ቃል አገርም መንደርም ማለት ነው፤ እሱ የጠየቀኝ መንደሬን ኖሯል። የመንደሬን ስም ነግሬው ሦስት ጊዜ አስደግሞኝ እስኪያጠናው አልለቀቀኝም። ከዚያ በክንዴ ይዞ ወደ ጦርነቱ መታሰቢያ ድንጋይ ወሰደኝና የአንድ ሰው ስም በጣቱ አሳየኝ፤ የአባቱ ወንድም ነው፤ በ1936 በእኛ አገር የሞተ። ምን ልበለው? አባቴም በዚያ ዘመን ልጅ ሆኖ ከእነዚያው ወታደሮች በዱር ተሸሽጓል። ሁለታችንም የምንለውን አጥተን ቆየን፤ በኋላ ቡናውን ከፈለልኝ። አንድ ሰዓቴን ወስዶብኛል። ከስምንቱ ወር ውስጥ ግን ዛሬ አጥርቼ የማስታውሰው ያን ሰዓት ነው።

እንግዲህ ያችን ነርስ ያየሁ፣ ይህን ሽማግሌ ያወቅሁ እኔ፣ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ከቤታችን ትይዩ አንዲት ባልቴት ይኖሩ ነበር። እንደ ደረስሁ ሰሞን ከመስኮታቸው በገመድ በተንጠለጠለ ቅርጫት በለስ አወረዱልኝ፤ ከዚያም በየሳምንቱ አንድ ነገር ከቅርጫቱ አይጠፋም ነበር። እኔም ከታች ሆኜ «ግራትሲዬ ሲኞራ» እላለሁ። ሲኞራ ማለት እመቤት ማለት ነው። ሦስት ወር ሙሉ የጠራኋቸው በዚሁ ነው፤ ስማቸውን አልጠየቅሁም። ጸጥታዬን ወድጄው ነበርና አጠገቤ ያለውን ሰው ስም ማወቅ ወደ ሌላ ነገር ያስገባኛል ብዬ ሳልፈራ አልቀርም።

በኅዳር ወር ልጄ ለሥልጠና አራት ቀን ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል በዝግታ፣ በመካከሉ ረጅም ዕረፍት እየሰጠ መታ። በረንዳ ላይ ነበርሁ። ለልጄ ስልክ ደውዬ «ይህን ደወል ስሚው፣ እንዴት ደስ ይላል» አልኋት፤ እሷም ከአውቶቡስ ውስጥ ስለ ነበረች አልተሰማትም። በእነዚያ መንደሮች ሰው ሲሞት ዙሪያው ጥቍር የሆነ ወረቀት ይታተምና በግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ስሙ፣ ዕድሜው፣ የቀብሩ ሰዓት ይጻፍበታል። የሚገርመው ወረቀቱን ማኒፌስቶ ይሉታል፤ እኛ ቃሉን ከፖለቲካ ጋር ብቻ ስለምናውቀው መጀመሪያ ሳየው የምርጫ ጊዜ መስሎኝ ነበር። በዚያን ቀን ዳቦ ልገዛ ሄጄ ተራ ስጠብቅ አዲስ ወረቀት በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነበረ። ጊዜ ላለማጥፋት ብዬ ንባብ ተለማመድሁበት፤ ስሙን ፊደል በፊደል፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ዳቦዬን ይዤ ወደ ቤት ተመለስሁ።

ከሰዓት በኋላ በመተላለፊያዋ ሰው በዛ። ድስትና ትሪ የያዙ ሴቶች ይገቡና ይወጣሉ። ግብዣ መሰለኝ። የሐዘንተኛ ቤት እሳት እንዳይነድ ጎረቤት ምግብ የሚያመጣበት ኮንሶሎ የሚሉት ልማድ እንዳላቸው በኋላ ሰማሁ፤ ይህን ከእኛ ይልቅ ማን ያውቀዋል? እኔ ግን ድምፃቸው ስለ በዛብኝ ተነሥቼ መስኮቴን ዘጋሁ።

ልጄ በአራተኛው ቀን መጣች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ በበሩ ላይ ቆማ «አባዬ፣ ለቅሶ ደረስህ?» አለችኝ። «የማን ለቅሶ?» አልኋት። ስሙን ስትነግረኝ ያ የተለማመድሁበት ስም ነበር።

አብረን ሄድን። ከሚላኖ የመጣው ልጃቸው ወንበር ሰጠኝ፤ ቡና አቀረበልኝ፤ የወቀሰኝ ነገር የለም። ቅርጫቱ ከነገመዱ በመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር። በሚቀጥለው ወር መስኮቱ ተዘግቶ፣ ያ ሽማግሌ በሩን ሚላኖ ማለት ጀመረ፤ መንገዳችንም የበለጠ ጸጥ አለ።

ለተማሪዬ ይህን ሁሉ አልጻፍሁለትም። የጻፍሁለት በሁለት መስመር ነው፦ «በስተግራ ያለው ጎረቤትህ ሙሉ ስሙ ማን ይባላል? እስክትነግረኝ ሌላ ደብዳቤ አልጽፍልህም።» ሦስት ሳምንት ዝም ብሎ ቆየና መልሱ መጣ። ስሙን እስከ አባቱ፣ የመንደሩ ሰው የሚጠራበትንም ቅጽል ስም ጨምሮ ጽፎልኛል። ከሥሩም፣ ስም ልጠይቅ ብዬ ብሄድ አስቀምጠው እስከ ማታ አላስነሡኝም፣ ቅዳሜ ደግሞ ለወይራ ለቀማ ትመጣለህ ብለውኛል፣ መሰላል ላይ ወጥቼ አላውቅም፣ ምን ይሻለኛል ይላል።